ሮም ስትዘጋ እኛ ስንከፍት

እቴቴ የአባቴ እህት ናት። ሮም ከገባች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። የሰው አገር አዛውንቶችን ስታጥብ፣ ስታበላ፣ መድኃኒት ስታስውጥ ኖራ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ባለፈው ሚያዝያ ለአራት ቀን ልጠይቃት ሄድኩ። የእነሱ ፋሲካ አልፎ ሱቆቹ በእርግብ ቅርጽ የተጋገረውን የበዓል ኬክ በግማሽ ዋጋ ሲያራግፉ፣ የእኛ ሁዳዴ ገና አላለቀም ነበር።

ሻንጣዬን ሳላወርድ ሕጉን ነገረችኝ። «የትም እወስድሻለሁ። ግን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል የለም።»

እኔም እሺ አልኩ። ምን ችግር አለው? ጠዋት ከተማ እናያለን፣ ዘጠኝ ሲሆን እንበላለን። ያልቆጠርኩት አንድ ነገር ነበር። ሮም ውስጥ ደህና ምግብ ቤት ምሳ የሚጀምረው ስድስት ተኩል አካባቢ ነው፤ ስምንት ተኩል ወይም ዘጠኝ ላይ ወጥ ቤቱ ይዘጋል። ከዚያ እስከ ምሽት አንድ፣ አንድ ተኩል ድረስ ማንም ምድጃ አይለኩስልሽም። እኛ ልንከፍት ስንል ከተማዋ ትዘጋለች።

ይህ ጽሑፍ እንግዲህ በዘጠኝ ሰዓት ሮም ውስጥ የት እንደሚበላ ነው። አሳማ ለማይበላ ሰው፣ ጾመኛም ባይሆን፣ ይጠቅመዋል ብዬ አስባለሁ። (ቀኑንና ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። ሰዓቱን ግን በእኛ።)

የመጀመሪያው ቀን የጀመረው ከቴርሚኒ ነው፤ ከትልቁ ባቡር ጣቢያ። ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል። የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ስሙን ይጠራዋል፤ እነማን እንደሆኑ ግን ብዙ የሚጠይቅ የለም። በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የኢጣሊያ ወታደሮች ናቸው። እቴቴ ይህን የነገረችኝ የአውቶቡስ ትኬት እየቆረጠች ነው፤ እንደ ተራ ነገር። ትኬቱ 1.50 ዩሮ ነው፤ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል። ስትሳፈሩ ማሽኑ ላይ ማስመታት እንዳትረሱ፤ ተቆጣጣሪዎቹ ለቱሪስት አያዝኑም።

ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ዛፍ ያለበት ትንሽ መናፈሻ ውስጥ፣ የዶጋሊ ሐውልት አለ። ድንጋዩ ከግብፅ የመጣ ነው፤ የዳግማዊ ራምሴስ ነበር። መጀመሪያ የቆመው ጣቢያው ፊት ለፊት ነው፤ በ1925 ወደዚህ አዛወሩት። ዘርዓይ ደረስ በ1938 ጎራዴውን የመዘዘው በዚህ ሐውልት ዙሪያ ነው። ሳይፈታ፣ አገሩን ሳያይ፣ በ1945 ሲሲሊ ውስጥ አረፈ። መናፈሻው ግን ምንም የተለየ ነገር የለውም። አንድ ሰውዬ ካርቶን ላይ ተኝቶ ነበር፤ ሁለት ልጆች ስልክ ያያሉ። እቴቴ ቆማ አማተበችና «በይ እንሂድ፣ ወረፋው ሳይበዛ» አለችኝ።

ወረፋው የፓንቴዮን ነው፤ የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ፣ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን። መግቢያው ድሮ ነፃ ነበር፤ በ2023 5 ዩሮ ማስከፈል ጀመሩ። ሮም ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተመልከቺ ብትሉኝ ይህንን እላለሁ፤ ኮሎሲየምን አይደለም። ጉልላቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 43 ሜትር ከምናምን ነው፤ ከወለሉ እስከ አናቱም ልክ ያንኑ ያህል። ሲሚንቶው ውስጥ አንድ የብረት ዘንግ የለም። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፣ እንዲያው ቆሟል። አናቱ ላይ ዘጠኝ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ቀዳዳ አለ፤ መስታወት የለውም፤ ዝናብ ሲዘንብ ወለሉ ላይ ይዘንባል። ወለሉ ግን ትንንሽ ማፋሰሻ አለው።

ሰው ሁሉ የሠዓሊውን የራፋኤልን መቃብር ሊያይ ይጋፋል። እቴቴ ቀጥታ ወደ ሌላኛው ወሰደችኝ። ቀዳማዊ ኡምቤርቶ፣ የኢጣሊያ ንጉሥ። «እምዬ ምኒልክ ያሸነፉት ይሄ ነው» አለች፤ ድምጿን ዝቅ እንኳ አላደረገችም። በእርግጥ አድዋ ላይ ራሱ አልነበረም፤ ጦሩ ነው። ከአድዋ አራት ዓመት በኋላ በ1900 በጥይት ተገደለ። ከመቃብሩ አጠገብ የክብር ጠባቂዎች የሚያስፈርሙት መዝገብ ነበር። እቴቴ አልፈረመችም። እኔም።

እዚህ ላይ አንድ ኃጢአት ልናዘዝ። እቴቴ መጸዳጃ ቤት ስትገባ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለው ሳንት ኤውስታኪዮ ቡና ቤት ሮጬ ኤስፕሬሶ ጠጣሁ። ቤቱ ከ1938 ጀምሮ አለ። ቡናውን የሚያፈሉት ከመጋረጃ ዓይነት ከለላ ጀርባ ሆነው ነው፤ አረፋው እንዴት እንዲያ እንደሚወፍር ሰው እንዳያይባቸው። ስኳር ጨምረው ነው የሚመቱት፤ ካልፈለጋችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ቆማችሁ ጠጡ። ሮም ውስጥ ቡና ባንኮኒ ላይ ቆሞ መጠጣትና ወንበር ስቦ መቀመጥ ዋጋቸው ለየቅል ነው፤ አንዳንድ ቦታ ሁለት ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ስመለስ እቴቴ አፌን አይታ ምንም አላለችም። አለማለቷ ነው የከፋው።

ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ። የሚበላ ፍለጋ ወጣን። ደህና የሚመስሉት ቤቶች ወንበር እየሰቀሉ ነው። ክፍት የሆኑት በር ላይ አስተናጋጅ አቁመው «ኑ ግቡ» የሚሉት ብቻ ናቸው፤ ፎቶ ያለበት ሜኑ፣ ስድስት ቋንቋ። በርሃብ የተነሳ አንዱ ቤት ገባን። ስሙን አልጠራም፤ እንዲህ ያለው ብዙ ነው።

ቲማቲም ያለበት ፓስታ አዘዝን። እቴቴ በጥሩ ጣልያንኛዋ «ሥጋ አለበት?» ብላ ጠየቀች። «የለም እመቤቴ» አላት። አይብም እንዳይነሰነስበት ነገረችው። መጣ። ቀይ፣ የሚያምር፣ ትኩስ። ሹካዬን ሳዞር ትንንሽ ወርቃማ ቁርጥራጭ አገኘሁ። አስተናጋጁን ጠራነው። ከልቡ ገረመው። «ይሄ እኮ ሥጋ አይደለም፣ ጓንቻሌ ነው!»

ጓንቻሌ የአሳማ ጉንጭ ነው። በጨው ይቀመጣል፣ ተከትፎ ይጠበስና ስቡ ራሱ ወጡ ይሆናል። ሰውዬው አልዋሸም፤ ነገሩ የቋንቋ ነው። ለብዙ ጣልያን ሥጋ ማለት ሳህን ላይ ለብቻው የሚቀርበው ቁራጭ ነው። ለጣዕም የገባ አሳማ እንደ ቅመም ይቆጠራል። ስለዚህ «ሥጋ አለበት?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ሴንሳ ማያሌ» በሉ፤ ያለ አሳማ ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ «ኔ ጓንቻሌ፣ ኔ ፓንቼታ፣ ኔ ስትሩቶ» ብላችሁ በስም ዘርዝሩ። ፓንቼታ በጨው የተቀመጠ የአሳማ ሆድ ነው። ስትሩቶ የአሳማ ሞራ ነው፤ አንዳንድ ቂጣና ብስኩት ውስጥ ይገባል።

የከፈልነው ገንዘብ ቀለጠ። እቴቴ ዳቦውን በላች።

ይህን ነገር አንድ ጊዜ ጥርት አድርጌ ልጻፈው፣ ማንም እንደኔ እንዳይሆን። ሮም የምትኮራባቸው አራት ፓስታዎች አሏት። ካርቦናራ፦ እንቁላል፣ አይብ፣ ጓንቻሌ። አማትሪቻና፦ ቲማቲም፣ አይብ፣ ጓንቻሌ። ግሪቻ፦ አይብና ጓንቻሌ። ካቾ ኤ ፔፔ፦ የበግ አይብና ቁንዶ በርበሬ። አያችሁ? ከአራቱ አሳማ የሌለበት አንድ ብቻ ነው። ጾም ሲፈታ እሱን ብሉ። እኔ ከዚህ ቀደም በመስከረም መጥቼ ቴስታቾ ሰፈር ፌሊቼ የሚባለው ቤት በልቼዋለሁ። ፓስታውን፣ አይቡንና ትንሽ ውኃ ይዘው ይመጡና ጠረጴዛው ላይ ዓይንሽ እያየ ያማስሉታል። ቅቤ የለም፣ ክሬም የለም፤ ፓስታው የተቀቀለበት ውኃ ነው አይቡን ወጥ የሚያደርገው። ቁንዶ በርበሬው ጉሮሮ ይይዛል። ቦታ ቀድሞ መያዝ ግድ ነው።

በሁለተኛው ቀን እቴቴ ክብሯን ለማስመለስ ይመስለኛል ቀጥታ ወደ ካምፖ ዴ ፊዮሪ ወሰደችኝ። አደባባዩ መሐል ፈላስፋው ጆርዳኖ ብሩኖ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ቆሟል። በ1600 እዚሁ ቦታ ነው በእሳት ያቃጠሉት፤ ሐውልቱን ያቆሙለት በ1889። እግሩ ሥር ጠዋት ጠዋት አትክልት ይሸጣል። ገበያው አሁን በአብዛኛው ለቱሪስት ሆኗል፤ በላስቲክ የታሸገ የፓስታ ቅመም ምናምን። በእሱ ጊዜ አታጥፉ።

ጥጉ ላይ ግን ፎርኖ አለ። ፎርኖ፤ ዳቦ ቤት። እኛ ፉርኖ ዱቄት የምንለው ከዚሁ መጥቶ መሆን አለበት። የሮም ዳቦ ቤት ለጾመኛ መዳኛ ነው፤ ብዙው ምሳ ሰዓት ብሎ ነገር አያውቅም። ሁለት ነገር እዘዙ። ፒሳ ቢያንካ፦ ረጅም ቂጣ፣ ላዩ ላይ የወይራ ዘይትና ደረቅ ጨው፣ ሌላ ምንም። ፒሳ ሮሳ፦ ያው ቂጣ፣ ስስ ቲማቲም ተቀብቶ። አይብ የለም። አንድ ሜትር ከምናምን በሚሆን የእንጨት መቅዘፊያ ከምድጃ ያወጡታል። የሚሸጠው በኪሎ ነው። እጃችሁን ዘርግታችሁ «እስከዚህ» ትላላችሁ፣ በቢላ ወይም በመቀስ ይቆርጡላችኋል፣ ይመዝናሉ፣ በወረቀት ይጠቀልላሉ። ትንሽ ራቅ ብሎ ቪያ ዴይ ኪያቫሪ ላይ ያለው የሮሾሊ ዳቦ ቤትም አለ። የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር ሮም ውስጥ አያልቅም። እቴቴ የካምፖው ትላለች። እኔ የሮሾሊ፤ ሲነከስ ይንኮሻኮሻል።

ቆመን በላን። ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ነበር። ጣቶቼ በዘይት ርሰው፣ ጨው ከንፈሬ ላይ፣ ጠዋት ሙሉ ባዶ ሆድ ከዞርኩ በኋላ። ከዚያ ናሶኒ። ናሶኒ በየመንገዱ ጥግ ቀን ከሌት ውኃ የሚፈስባቸው የብረት ቧንቧዎች ናቸው፤ ትርጉሙ ትልልቅ አፍንጫ ማለት ነው። ከ1874 ጀምሮ አሉ፤ ወደ 2,500 ይጠጋሉ ይባላል። ውኃው ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው። አፉን በጣት ስትደፍኑት ላዩ ላይ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈነጥቅና በቀጥታ አፍ ውስጥ ይገባል። ይህን ሳታውቁ ሦስት ዩሮ ለላስቲክ ጠርሙስ እንዳትከፍሉ።

ከካምፖ ዴ ፊዮሪ አሥር ደቂቃ በእግር ብትሄዱ የአይሁድ ሰፈር ትገባላችሁ፤ ጌቶ። ይህ ሰፈር ለእኔ የዚህ ጉዞ ዋና ነገር ነው፤ ስለ ሆድም ስለ ሌላም።

በ1555 ጳጳሱ ጳውሎስ አራተኛ የሮምን አይሁድ በአጥር አስገብተው በር ዘጉባቸው። ማታ ይቆለፋል፣ ጠዋት ይከፈታል። ቦታው የቲቤር ወንዝ ሲሞላ ውኃ የሚገባበት ረግረግ ነበር። እንዲህ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ኖሩ። የተፈቀደላቸው ሥራ ትንሽ፣ የሚገዙት ምግብ ርካሽ፣ ጊዜ ግን ነበራቸው። ምግባቸው ከዚያ ወጣ። ሌላው የሚጥለውን በዘይት ጠብሰው ጣፋጭ አደረጉት።

ካርቾፎ የሚባል አትክልት አለ፤ የኮሸሽላ ዘመድ ነው። እሾሃማ እንቡጥ። ሚያዝያ ወሩ ነው። ካርቾፊ አላ ጁዲያ ሲሉ በአይሁድ ወግ የተሠራ ማለታቸው ነው። ውጪውን ጠንካራ ቅጠል ይላጩታል፣ በዘይት ውስጥ ቀስ ብሎ ይበስላል፣ ይወጣል፣ ይከፈታል፣ እንደገና በጋለ ዘይት ይጠበሳል። ሲመጣ የተከፈተ የሱፍ አበባ ይመስላል። የውጪዎቹ ቅጠሎች እንደ ቆሎ ይቆረጠማሉ፣ ልቡ እንደ ድንች ይለሰልሳል። ዘይት፣ ጨው፣ አበቃ። አላ ሮማና የሚባለው ሌላው አሠራር ደግሞ በነጭ ሽንኩርትና በናና ዘመድ ቅጠል ተሞልቶ፣ ተከድኖ ቀስ ብሎ የበሰለ ነው። እሱም ጾም ነው። ግን ስትመርጡ የአይሁዱን ምረጡ።

አሁን ምሥጢሩ። ቪያ ዴል ፖርቲኮ ዶታቪያ የምትባለው መንገድ ላይ ግራና ቀኝ ምግብ ቤት ነው፤ ብዙዎቹ በአይሁድ ሕግ የሚሠሩ ናቸው፣ ብዙዎቹም ከሰዓት በኋላ ሳይዘጉ ይቀጥላሉ። አሳማ የሚባል ነገር ደጃቸውን አይረግጥም። ሌላም አለ። ሕጋቸው ሥጋና ወተት አያቀላቅልም። ስለዚህ ሥጋ የሚሠራ ቤት ከሆነ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቅቤ የለም፣ አይብ የለም፣ ወተት የለም። ይህን ሳውቅ ሳቅሁ። ጾመኛ ሐበሻ አትክልት ሲያዝ ቅቤ ይኖርበት ይሆን ብሎ የማይሰጋበት ሮም ውስጥ ያለው ቤት የሥጋ ቤት ነው! እንቁላል ግን ሊኖር ይችላል፤ እሱን ጠይቁ። ዓርብ ማታና ቅዳሜ ይዘጋሉ። ቅዳሜና እሁድ እስከ ዘጠኝ መቆየት ስለሌለብን እኛን አልጎዳንም።

አስተናጋጇ ሴት ነበረች፣ ስልሳ ዓመት የሚሆናት። እቴቴ ጾም ላይ ነን ስትላት «ስንት ቀን?» አለች። «ሃምሳ አምስት።» ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ወጥ ቤት ጮኸች። ምን እንዳለች አልገባኝም፤ ግን ካርቾፎው ሦስት ሆኖ መጣ፣ የከፈልነው የሁለት ነው። በተጨማሪ ቺኮሪያ አዘዝን፤ መራራ ጎመን ብላችሁ አስቡት፣ ተቀቅሎ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ መሰል በርበሬ የታሸ። እቴቴ ዳቦ ስታጠቅስበት ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ስትወጡ መሬት መሬት እያያችሁ ሂዱ። ኮብልስቶኑ መሐል መሐል የነሐስ ካሬ ተቀብሯል፤ መዳፍ የሚያህል። ስም፣ የተወለደበት ዓመት፣ የተያዘበት ቀን፣ የሞተበት ቦታ። አብዛኛው ላይ ቀኑ አንድ ነው፤ 16 ጥቅምት 1943። በዚያ ጠዋት ናዚዎች ሰፈሩን ከበቡ። ከ1,000 በላይ ሰው ወደ አውሽቪትዝ ተጫነ። 16 ተመለሱ። አንድ በር ፊት ሰባት ካሬ ቆጠርኩ፤ የአንድ ቤተሰብ ስም።

ጥግ ላይ ምልክት እንኳ የሌላት ትንሽ ኬክ ቤት አለች፤ ቦቾኔ ይሏታል። ደረቅ ፍራፍሬና ለውዝ የሞላበት፣ ላዩ የተቃጠለ የሚመስል ጡብ የሚያህል ኬክ ትሸጣለች። የተቃጠለው ሆን ተብሎ ነው። ሴቶቹ ፈገግታ አያባክኑም። ጾም መሆን አለመሆኑን ስላላረጋገጥን በወረቀት ጠቅልዬ ለፋሲካ ብዬ ይዤ ሄድኩ። እስከ ፋሲካ አልደረሰም፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያለውን ነገር አልናገርም።

ኮሎሲየምን ሦስተኛው ቀን ጠዋት አየነው። ትኬቱ 18 ዩሮ ነው፤ አጠገቡ ያለውን የጥንቱን የሮም አደባባይ፣ ፎሮ ሮማኖንም ይጨምራል። ቀድማችሁ ኢንተርኔት ላይ ግዙ፤ በር ላይ አገኛለሁ ማለት ዘበት ነው። ትልቅ ነው፣ ያስደንቃል፣ ሰው በሰው ነው። ትሬቪ ፏፏቴን ደግሞ እለፉት፤ ከስልክ በቀር የሚታይ የለም። ሳንቲም መወርወር ካማራችሁ ወርውሩ፤ የሚሰበሰበው ለካሪታስ፣ ለድሆች ነው።

ቫቲካን ላይ ግን አንድ ነገር። የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ላይ ውጡ። በእግር 551 ደረጃ ነው፤ ሊፍት ከተጠቀማችሁ 320 ይቀራችኋል። ባዶ ሆዴን 551ዱን ወጣሁት፤ እቴቴ ታች ጸሎት ላይ ቀረች። መጨረሻው ላይ ግድግዳው ወደ ጎን ስለሚያጋድል ሰውነት አጋድሎ ነው የሚወጣው። ላይ ስትደርሱ ሰው ሁሉ ወደ አደባባዩ ዞሮ ፎቶ ያነሳል። እናንተ ወደ ኋላ ዙሩ። ታች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ትንሽ የድሮ ቤተ ክርስቲያን አለች። ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ፤ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ። በ15ኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች የተሰጠች ናት። አባ ተስፋ ጽዮን የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን በ1548 እና በ1549 ያሳተሙት እዚህ ሆነው ነው። አስቡት፤ ከደብረ ሊባኖስ ተነስቶ፣ ኢየሩሳሌም ደርሶ፣ እዚህ መጥቶ፣ የሰው አገር አታሚ ፊደላችንን አንድ በአንድ በእርሳስ ብረት ሲቀርጽ ቆሞ ማረም። አሁን ዝም ብሎ መግባት አይቻልም፤ የቫቲካን ግቢ ውስጥ ስለሆነች ከላይ ማየት ነው። እዚያው የአትክልት ቦታ ውስጥ የኢትዮጵያ ኮሌጅ የሚባለው ሕንፃም አለ። ወርጄ ለእቴቴ ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ፤ ሠላሳ ዓመት።

የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ነበር። እቴቴ ከሰዓት በኋላ ተዘንጣ ወጣች፤ ነጠላ፣ የወርቅ ጆሮ ጌጥ። የት ነው ስላት «ሐሙስ አይደል?» አለች። ጣልያን አገር የቤት ሠራተኛ በልማድ የምታርፈው ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ነው። ጡረታ ከወጣች በኋላም ሐሙስ ቤት መቀመጥ አይሆንላትም።

በሜትሮ ቺርኮ ማሲሞ ወረድን። ጣቢያው አጠገብ ትልቁ ነጭ ሕንፃ አለ፤ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ። ሲጀመር ግን የተሠራው ለፋሺስቱ የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነው። ከፊቱ ያለው አደባባይ ፖርታ ካፔና ነው። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚህ ነበር። በ1947ቱ የሰላም ውል እንመልሳለን ብለው ፈረሙ፤ ማንሳት የጀመሩት በ2003፣ አክሱም የደረሰው በ2005 በሦስት ቁራጭ፣ ተተክሎ የተመረቀው በ2008። አሁን በቦታው አካባቢ ሁለት የጥንት አምዶች አሉ፤ በአሜሪካው የመስከረም 11 ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ በ2009 የቆሙ።

እቴቴ በዚያ ዘመን ሐሙስ ሐሙስ ከጓደኞቿ ጋር ሐውልቱ ሥር ይቀመጡ ነበር። አምስት ስድስት ሆነው። ደብዳቤ ያነባሉ፣ ፎቶ ይለዋወጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ። መኪና ዙሪያውን ይጮኻል። ጣልያኖቹ አደባባይ ነው የሚሉት፤ ለእነሱ ግቢ ነበር።

«ሲያነሱት አይተሻል?» አልኳት።

«እንጨት በእንጨት አድርገው ሲሸፍኑት መጥቼ አይቻለሁ። እልል ብያለሁ።» ትንሽ ቆየችና «ግን ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ የት እንቀመጥ?» አለች።

ከዚያ መንገዱን ይዘን ወረድን። ቪያ ዲ ሳን ግሬጎርዮ ይባላል። ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ በጥላ ዛፍ የታጀበ፤ ጫፉ ላይ የቆስጠንጢኖስ ቅስት፣ ከጀርባው ኮሎሲየም። አበበ ቢቂላ በ10 መስከረም 1960 ማታ ማራቶኑን የጨረሰው በዚህ መንገድ ነው። በአፒያ መንገድ በኩል በጨለማ መጣ፤ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ነው ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎት የሄደው። በባዶ እግሩ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ። ራዲ 25 ሴኮንድ ያህል ዘግይቶ ገባ።

መንገዱ ላይ ግድግዳ ላይ የተሰካ የመታሰቢያ ጽሑፍ አለ። ሃምሳኛ ዓመቱ በ2010 ሲከበር የሮም ማራቶንን ያሸነፈው ሲራጅ ገና የመጨረሻውን 300 ሜትር ጫማውን አውልቆ ነው የሮጠው፤ በዚያም ተጨማሪ 5,000 ዩሮ ተሸልሟል። ካላወቃችሁት ጽሑፉን ታልፉታላችሁ። እኛም አንዴ አልፈነው ተመለስን።

እኔና እቴቴ ከሐውልቱ ቦታ እስከ ቅስቱ አሥራ ስምንት ደቂቃ ፈጀብን። መሐል ላይ ጉልበቷን ይዟት አንዴ አረፍን፣ አንዴ ደግሞ ናሶኒ ፍለጋ ቆምን። ቅስቱ ጋ ስንደርስ መሽቷል፤ መብራት በርቷል። ዝቅተኛ ግንብ ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ከፈተች። በወረቀት የተጠቀለለ ፒሳ ቢያንካ፣ ከጠዋት ጀምሮ ይዛው የዞረችው፣ የካምፖው።

«የሮሾሊን ነበር መግዛት» አልኳት።

ግማሹን ቆርሳ ሰጠችኝ፤ ትልቁን።